የዝቅተኛዋ በር ሰዎች

አንሴልም ቦርደናቭ እሑድ ጠዋት በኡርዴት ቤተ ክርስቲያን ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኙት ቄሱ አባ ኡርባን ናቸው፤ ሌላ ደብር አድረው ለቅዳሴ ሲመለሱ። ቅዳሜ ልክ ሲመሽ የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጎህ ሳይቀድ አባርቷል፤ የሟቹ ካፖርት ግን ገና ውኃ ይንጠባጠብበት ነበር። ከራሱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል። መሮውና መዶሻው ከጎኑ ናቸው።

ግድግዳው ላይ ዝቅተኛዋ በር አለች። ከቅድመ አያቶች ዘመን ጀምሮ በድንጋይ ተደፍና የኖረች፣ ትልቅ ሰው ሳይጎነበስ የማያልፍባት በር ናት። መንደርተኛው ተሰብስቦ አንድ ነገር ተባባለ፤ ሊከፍታት ሲሞክር ድንጋዩ ወደቀበት። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሯ ራሷ ቀጣችው አለ።

እኅቱ ማይሊስ መርዶውን የሰማችው ወጥ ቤት ውስጥ ወተት ስታፈላ ነው። አላለቀሰችም። ከኀዘኑ ቀድሞ የመጣባት ኀፍረት ነበር፤ ፊቷ እንደ ትኩሳት ጋለ። ለወንድሟ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል «ያን በር ከከፈትክ እኅቴ እንዳትለኝ» የሚል ነበርና። ሲናደድ የእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ሰው ስለሆነ ማታ አልጠበቀችውም፤ በሩን ዘግታ ተኛች።

በኡርዴት ሞት የገባበት ቤተሰብ ምንም አይሠራም። ሁሉን የሚሠራው የመጀመሪያው ጎረቤት ነው፤ በሩ ከበርህ ፊት ለፊት የተተከለው ቤት። ማንም ይኑርበት ማን፣ ግዴታው የቤቱ ነው። ሰዓቱን ያቆማል፣ ዘመድ ይጠራል፣ በቀብር ቀን መስቀሉን ይይዛል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ንቦቹ ሄዶ ጌታቸው መሞቱን ይነግራቸዋል፤ በየቀፎውም ላይ ጥቁር ጨርቅ ያስራል። ፀሐይ ሳትወጣ ያልተነገራቸው ንቦች ያልቃሉ ይባላል። ቤተሰቡ ቀፎ መንካት አይፈቀድለትም።

የቦርደናቭ ቤት የመጀመሪያ ጎረቤት የላሙሌር ቤት ነው፤ የዛሬው ጌታውም የመንደሩ ከንቲባ ግራስያን። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲስቅ ጠረጴዛ የሚያናውጥ ሰው ነው። መርዶው በተሰማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። የግድግዳውን ሰዓት አቆመ፣ የማይሊስን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፣ ከዚያ በጓሮ በር ወጣ። ሲመለስ «ለንቦቹ ነግሬያቸዋለሁ» አለ። ማይሊስ በመስኮት አየች። በየገለባው ቀፎ አናት ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል።

ነገሩ በዚያ ባበቃ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው ጀንደርም፣ የገጠሩ ፖሊስ፣ አስከሬኑን ሲያገላብጥ ቁስሉ ከኋላ በኩል መሆኑን አየ፤ ድንጋዩ ደግሞ ከፊት ነው ያለው። ወደ ፖ ከተማ ደወለ። ቀትር ላይ ኢንስፔክተር ሱቤርካዝ መጣ።

አጭር፣ አፍንጫው በጉንፋን የቀላ ሰው ነው። ወጥ ቤት እንደ ገባ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ፣ ቀጥሎ የማይሊስን የነጠላዋን ጠርዝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ ማይሊስ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ ሳይ እጄ አያርፍም።»

«ይንኩት፣ ምን ቸገረኝ» አለችው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዟት ሄደ። አስከሬኑ ተነሥቷል። የወደቀበት ቦታ ግን እንደ ተሳለ ሥዕል ይታያል፤ ዙሪያው ጭቃ ሆኖ የሰውነቱ ቅርጽ ያለበት አፈር ደረቅ ነው።

«ዝናቡ ሳይጀምር ነው የወደቀው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቅዳሜ ሊመሽ ሲል። አሁን ደግሞ በሯን ይመልከቱልኝ። ከላይ ያሉት ድንጋዮች በኖራ ተያይዘዋል። እነዚህ የታችኞቹ ግን ዝም ብለው ተደራርበዋል። አንዱ እንዲያውም ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሯል። ወንድምዎ አናጢ ነበሩ አይደል?»

«ዕድሜውን ሁሉ።»

«ዕድሜውን ሁሉ ከጣሪያ ሠረገላና ከወራጅ ሥር የኖረ ሰው በኖራ የተያያዘውን የላይኛውን ድንጋይ ሳይነካ ከታች ጀምሯል፤ ጠንቃቃ ነበር። ስለዚህ ከላይ የወደቀ ድንጋይ የለም። በሯን ግን ከፍቷል። ታዲያ ማን መልሶ ደፈናት? የሞተ ሰው የከፈተውን ቀዳዳ አይደፍንም።»

ማይሊስ የመቃብር ድንጋይ ይዛ ቆመች። ወንድሟ በሞኝነቱ አልሞተም። በሯም አልቀጣችውም። ይህን በማወቋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሆኖም ኢንስፔክተሩ ቀጥሎ የሚጠይቀውን ታውቅ ነበርና ፈራች።

ሱቤርካዝ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጣ። ከኋላቸው ከግድግዳው ድንጋይ የተፈለፈለች፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትሰፋ የጠበል ገንዳ ነበረች። ጠርዟ ላይ ቡናማ ነገር ደርቆባታል። ከሥሯ ሁለት ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ ሁለቱም ሦስት ጣት ያላቸው የዝይ እግሮች ናቸው። አንደኛው እግር ሥር አንዲት አግድም መስመር አለች።

ኢንስፔክተሩ ጣቱን ወደ ደረቀው ነገር አቀረበና ሳይነካ መለሰው። «ጭንቅላቱ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ይህች በር የማን ነበረች?»

«አሮጌ በር ናት» አለች ማይሊስ። «ምንም የላትም።»

መልሱን የነገሩት አባ ኡርባን ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ መሬት መሬት እያዩ። ዱሮ በዚህ አገር ካጎ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የለምጻም ዘር ናቸው፣ የነኩት ይረክሳል እየተባለ ከመንደር ወዲያ፣ ከወንዝ ማዶ ይኖሩ ነበር። ከእንጨት ሥራ በቀር ሌላ ሥራ አይፈቀድላቸውም፤ እንጨት እርኩሰት አያስተላልፍም ተብሎ። ደረታቸው ላይ ከቀይ ጨርቅ የተቆረጠ የዝይ እግር ይሰፉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት በዚያች በር፣ ጠበል የሚነኩት ከዚያች ገንዳ፣ የተባረከው ዳቦም የሚደርሳቸው በረጅም እንጨት ጫፍ ነው።

«አንሴልም ሊከፍታት ፈቃድ ጠይቆኝ ነበር» አሉ ቄሱ። «ከለከልኩት። ለእሱ ብዬ እንዳይመስልዎት። ለቤተ ክርስቲያኗ አፍሬ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌላ ደብር እንደ ነበሩ የዚያ ደብር ሰው ሁሉ አይቷል። ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ተለያቸው።

አንሴልምን ወደዚያች በር የወሰደው የገዛ ስሙ ነው። ከሳምንት በፊት ፌርሚን ቦርደናቭ የሚባል ወጣት ዘመድ ከአርጀንቲና መጣ። ቅድመ አያቱ ከኡርዴት በእግሩ እስከ ወደብ ሄዶ፣ መርከብ ላይ አናጢ ሆኖ ተቀጥሮ ባሕር የተሻገረ ሰው ነው። እዚያ ከብት አረባ፣ ከበረ፣ ወለደ። ልጆቹም ስማችን የባላባት ስም ነው፣ ዘራችን ከፈረሰኛ ጌታ ነው ይሉ ጀመር። ማስረጃቸው ቅድመ አያቱ ይዞት የሄደው ቀለበት ነው፤ ላዩ ላይ ሦስት ጥፍር ተቀርጾበታል። የንስር እግር ነው ይላሉ። ፌርሚን በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቦርደናቭ ቤት ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ ሊያቆም ነበር፤ አንሴልምንም የስሙን ታሪክ በሕዝቡ ፊት እንዲናገር ለመነው።

አንሴልም የተለመነውን ነገር በግማሹ የሚሠራ ሰው አልነበረም። በዚህ በቤያርን አገር ሰው ስሙን ከቤት ነው የሚወስደው፤ ቦርደናቭ ማለትም አዲስ ጎጆ ማለት ነው። ታዲያ ጎጆው አዲስ ከመሆኑ በፊት እኛ ማን ነበርን? ይህን ሾርባውን እየጠጣ ይጠይቅ ነበር። ማይሊስ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። ትንሽ ልጅ ሳለች የላሙሌር ልጆች ከመንገዱ ማዶ «ካጎ! ካጎ!» እያሉ ድንጋይ ሲወረውሩ ትዝ ይላታል፤ እናቷም ምን ማለት እንደሆነ አልነገረቻትም፣ አፏን ብቻ በእጇ ከደነቻት።

ኢንስፔክተሩ ፌርሚንን ያገኘው ጓሮ ውስጥ ነው። ወጣቱ በቀፎዎቹ መካከል ቆሞ ነበር።

«አክስቴ» አላት ማይሊስን ሲያያት፣ «ይሄ ጨርቅ ምንድን ነው? ብርድ እንዳይገባቸው ነው?»

«የሐዘን ነው፣ ልጄ።»

«ለንብ?»

ሱቤርካዝ እስከዚያ ከሰማው ሁሉ ይልቅ ይህን ጥያቄ በጥሞና ሰማ። ከዚያ እንደ ልማዱ የአንዱን ቀፎ ጨርቅ በሁለት ጣቶቹ ያዘ። ውኃ በእጁ አንጓ ላይ ወረደ። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ መዳፉን ከሥሩ ገለባው ላይ አሳረፈ፣ ጥቂት ቆየ፣ እጁን አወጣና አየው። በቀሩት ቀፎዎች ላይም እንዲሁ አደረገ። አፍንጫውን ጠራረገና ወደ ፌርሚን ዞረ።

«ቀለበትዎ የት ሄደ?»

ፌርሚን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጣቱ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ የቀለበት ምልክት ቀርቶ ነበር።

«ወንዝ ዳር…» አለ። «ልጥለው ሄጄ ነበር። አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ ነው።»

ቀስ በቀስ ተናገረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቱ ወደ በሯ ወስዶ ገንዳዋን አሳይቶታል። ቀለበቱን ከቅርጹ ጎን አስጠግቶ «ንስር አይደለም፣ የኔ ልጅ። ዝይ ነው» ብሎ ሳቀ። ፌርሚን ሳይመልስለት ሄደ። እስኪመሽ ወንዝ ዳር ቆየ፤ ዝናቡ እዚያው ያዘው። ማንም አላየውም።

«ተናደዱበት?»

«አፈርኩ፣ ሙሴ ኢንስፔክተር። አባቴ ቀለበቱን እንደ ታቦት ነበር የሚያየው። በሳቁ ነው ያፈርኩት። አጎቴ ሲስቅ ምንም አላፈረም።»

ከንቲባ ግራስያን ደጁ ላይ ቆሞ ኢንስፔክተሩን ተቀበለ። የኡርዴት በሮች ሁሉ ጉበናቸው ባዶ ድንጋይ ነው፤ ቅርጽና ቀን ይታይባቸዋል። የላሙሌር ጉበን ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ነጭ ኖራ ተለብጧል። ልጁ ከከተማ ሐኪም ልጅ ጋር ልትጋባ ነው፤ ቤቱን እያሳመርን ነው አለ። ስለ አንሴልም ሲጠየቅ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ደግ ጎረቤት ነበር፣ በሯን ሊከፍት ማሰቡን ግን አልሰማሁም አለ። ቅዳሜ ማታ እቤቱ ነበር። ዛሬ ጠዋት መርዶውን ሲሰማ ሮጦ ደርሶ፣ ሰዓቱን አቁሞ፣ ለንቦቹ ነግሯል።

«ጨርቁን ያሰሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን ሊያስረው? የመጀመሪያ ጎረቤት እኔ ነኝ።»

ማይሊስ ይህን ሁሉ ከኢንስፔክተሩ ኋላ ቆማ ሰማች። «አልሰማሁም» ሲል ግራስያን አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አያት። አንገቷን ደፋች። እሱ ስለ እሷ ብሎ የዋሸ መሰላት፤ እሷን ከኀፍረት ሊያድናት። ልታመሰግነው ሁሉ ፈልጋ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም የቦርደናቭ ወጥ ቤት ውስጥ ሰበሰበ። አንሴልም በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አባ ኡርባን ከምድጃው አጠገብ፣ ፌርሚን ከመስኮቱ ሥር፣ ግራስያን የቤቱ ሰው እንደ ነበረ ሁሉ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጡ። የቆመው ሰዓት ከበላያቸው ነው። ሱቤርካዝ ቆሞ ተናገረ፤ ድምፁ እንደ ጎረቤት ወሬ ረጋ ያለ ነበር።

«ሰውዬው በድንጋይ አልሞተም። ተገፍቶ የጭንቅላቱ ኋላ የጠበሉ ገንዳ ጠርዝ ላይ አረፈ። የገፋው ሰው አስከሬኑን አልደበቀም፣ ኪሱንም አልበረበረም። ያደረገው ነገር ሁለት ብቻ ነው። አንድ፣ በደረቱ አዙሮ አስተኛውና ድንጋይ ከአጠገቡ አኖረ። ሁለት፣ ቀዳዳውን መልሶ ደፈነ። ስለዚህ ጠቡ ከአንሴልም ጋር አይደለም፣ ከበሯ ጋር ነው።»

ሁሉንም በየተራ አያቸው።

«በሯ እንድትዘጋ የሚፈልጉ ሰዎች እዚህ ክፍል ውስጥ ሞልተዋል። አባ ኡርባን ይፈልጉ ነበር፤ ግን በመንደሩ አልነበሩም። ፌርሚን ይፈልግ ነበር፤ ምስክርም የለውም። እትዬ ማይሊስም ይፈልጉ ነበር።»

ማይሊስ ጣቶቿን ቆለፈች።

«አሁን ወደ ጓሮው እንሂድ። ጠዋት ከንቲባው መርዶውን ሰምተው ለንቦቹ ጨርቅ አሰሩ። መርዶው ሲሰማ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ጨርቆቹ ግን እስከ ቋጠሯቸው ድረስ ውኃ ጠጥተዋል። እርጥብ ቀፎ ላይ ቢታሰሩ ይረጥባሉ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ስለዚህ ገለጥኳቸው። ከጨርቁ ሥር ያለው ገለባ ደረቅ ነው። ጨርቁ በሌለበት ሁሉ ገለባው ርሷል። ጨርቁ የታሰረው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል። በዚያን ሰዓት የአንሴልምን ሞት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ሱቤርካዝ በመስኮቱ በኩል ወደ ቀፎዎቹ ጠቆመ።

«ፌርሚን ጨርቁ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። እትዬ ማይሊስ ያውቃሉ፤ ግን በዚህ አገር የሟች ቤተሰብ ቀፎ አይነካም። ያሰረው የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። እኔ ነኝ ብለውኛል፣ ሙሴ ላሙሌር። ሰዓቱን ብቻ ነው የዋሹኝ።»

ግራስያን በሰፊው መዳፉ ጠረጴዛውን ያዘ። «እኔ በበሯ ምን አገባኝ?» አለ። «የካጎ በር ናት። የእነሱ ናት። ደግሞ ሊከፍታት መሆኑን ከየት አውቃለሁ?»

ኢንስፔክተሩ መሐረቡን አወጣ። ፊቱን ወደ ማይሊስም አላዞረም። አፍንጫውን ቀስ ብሎ ጠራረገ። ማይሊስ ገርበብ ባለው በር የወንድሟን ጫማ አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ አንሴልም ግን በሯ የቀጣችው ሞኝ ሆኖ ይቀበራል።

«እኔ ነገርኩት» አለች።

የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ተሻገርኩ። ዛሬ በሯን ይከፍታል፣ ነገ በሕዝብ ፊት ካጎ ነን ሊል ነው አልኩት። አንተ ከንቲባ ነህ፣ አስቁምልኝ አልኩት። ለመንኩት። በገዛ ስሜ አፍሬ ወንድሜን… እኔ ነኝ የላክሁበት።»

ግራስያን ቀስ ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ከገንዳዋ ሥር የተቀረጸው እግር አንድ አይደለም» አለ ሱቤርካዝ። «ሁለት ነው። አንደኛው ከዚህ ቤት ጉበን ላይ ካለው ቅርጽ ጋር ይገጥማል፤ ስገባ አይቼዋለሁ። መስመር ያለበት ሁለተኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ኖራ በቁልፌ መፋቅ ይበቃኛል።»

«አይፋቁት» አለ ግራስያን። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ለኢንስፔክተሩ አልነበረም፣ ለማይሊስ ነበር። «አባቴ ሊሞት ሲል ነው ያሳየኝ። ኖራ ለብጠው አለኝ። እናንተን ካጎ እያልን ድንጋይ ስንወረውር አባቴ ከደጅ ቆሞ ያይ ነበር፣ ማይሊስዬ፤ አልከለከለንም። ካልወረወርን ይታወቅብናል ብሎ። ቅዳሜ የሄድኩት ላስቆመው ነው፤ እንዳልሽኝ። እሱ ገንዳዋን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። "ያንተም እግር እዚህ አለ፣ ግራስያን፤ ና እይ፣ ወንድሜ" አለኝ። ወንድሜ ባይለኝ ኖሮ… ወንድሜ ሲለኝ ነው የገፋሁት።»

አባ ኡርባን ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ንቦቹን ግን ለምን?» አለ ፌርሚን። «ማንም ባላወቀ ነበር።»

ግራስያን እንደ ሕፃን ጥያቄ ነው የሰማው። «ንቦቹ ምን አጠፉ?» አለ። «ጠዋት እስኪገኝ ድረስ ፀሐይ ልትወጣ ነው። ሊያልቁ ነው እኮ። የአንሴልም ንቦች ናቸው።»

ከተማ ወሰዱት። ከመንገዱ ማዶ የላሙሌር ቤት መስኮቶቹን ዘጋ። በማግስቱ ለቀብር መስቀል የሚይዝ የመጀመሪያ ጎረቤት አልነበረም፤ ማይሊስ ፌርሚንን ያዝልኝ አለችው። ቀለበቱን አድርጎ መጣ፤ ቅርጹን ወደ ውጭ አዙሮ።

አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ግን ማይሊስ የቤቱን ቁልፍ ይዛ ወደ ጓሮ ወረደች። ሴቶቹ ከኋላዋ «ቤተሰብ አይነካም» አሏት። አልሰማቻቸውም። ግራስያን ያሰራቸውን ጨርቆች አንድ በአንድ ፈታች፤ ውኃ ጠጥቶ የጠበቀው ቋጠሮ ጥፍሯን አደማው። ሌላ ጥቁር ጨርቅ ከሐዘን ነጠላዋ ቀድዳ አሰረች። ልማዱ የሟቹንና ቤቱን የሚረከበውን ሰው ስም ጮክ ብሎ መናገር ነው፤ ንብ ስሙን ያልሰማችው ጌታ ቤት አትቀመጥም። በመጀመሪያው ቀፎ ላይ በቁልፏ መታ መታ አድርጋ አፏን ከፈተች። የወንድሟ ስም ወጣ። የራሷ ግን አልወጣም። በሁለተኛውም እንዲሁ።

በመጨረሻው ቀፎ ላይ ግንባሯን ገለባው ላይ አሳረፈች። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ሞቅ ያለ ነበር።

«አንሴልም ሞቷል» አለች። «ወንድሜ ነው። አሁን ጌታችሁ እኔ ነኝ፣ ማይሊስ ቦርደናቭ።»

አጥሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይሰማ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊቷ እንደገና ጋለ፣ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ካጎ ነን» አለች፣ እስከ መንገዱ ማዶ እንዲሰማ። «በዝቅተኛዋ በር የምንገባ ነን። እንዳትሄዱብኝ።»